ማንቶቫ ከካቤ ላይ ስትታይ

በዕድሜዬ ከኮምቦልቻ ወዲያ የተሻገርኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አውቶቡሱ አዙሮኝ ምንም ሳላይ ተመልሻለሁ። ይሁን እንጂ ማንቶቫ የምትባለውን የሰሜን ጣሊያን ከተማ ከእኔ አሳምሮ የሚያውቃት ሰው በሐይቅ ከተማ የለም። በአምባሰልም ያለ አይመስለኝም። ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ እኔን ጠይቁኝ። በየትኛው ድልድይ ብትገቡ ከተማዋ እንደምታምር፣ የትኛውን ደረጃ ስትወርዱ እግራችሁን ማየት እንዳለባችሁ፣ የትኛው ግድግዳ ውሃ እንደ ጠጣ እነግራችኋለሁ።

ግንበኛ ነኝ። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ አንድ ትንሽ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ በልጅነቴ ከሥሩ ተጋድሜ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ እያየሁ ነው የተማርኩት። ፊደልም የቆጠርኩት በራሴ ነው፤ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፤ ዓለምን ሁሉ ካላስተማርኩ ይላል። እኔም ሚስቴን፣ ልጄን፣ ጎረቤቴን፣ መንገድ ላይ ያገኘሁትን የባጃጅ ሹፌር ሳልመክር ውዬ አላውቅም። "ቱምቢ ያልወረደለት ግንብና ተግሣጽ ያልወረደለት ልጅ፣ ሁለቱም ይዘማሉ" እላለሁ። ይህችን አባባል የፈጠርኳት ራሴ ነኝ። ቤተሰቤ በቃሉ ያውቃታል፤ እኔ ስጀምራት እነሱ ይጨርሷታል።

አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሰዓዳ ትባላለች። አገሩ ሁሉ "ለውጥ መጣ" ብሎ በሬዲዮ ይቅር ሲባባል፣ የታሰረው ሲፈታ፣ የተሰደደው ሲመለስ፣ የእኔ ልጅ ደግሞ ልትሄድ ተነሣች። ዓረብ አገር ሁለት ዓመት ሠርታ ስትመለስ "አሁንስ ትቀመጣለች" ብዬ ነበር። እሷ ግን ጣሊያን አገር አንዲት አሮጊት የማስታመም ሥራ አገኘሁ አለች።

"ጣሊያን?" አልኩ። እኛ በውጫሌ ጎን ያደግን ሰዎች ነን፤ ጣሊያን ያመጣውን ወረቀት ሁለት ጊዜ ሳናነብ እሺ አንልም። "ውሉን አምጪው" አልኳት። አመጣችው። በጣሊያንኛ ነበር። ሁለት ጊዜ አየሁት፤ በሁለቱም ጊዜ አልገባኝም፤ ስለዚህ አልተስማማሁም።

ሄደች። ሳልመርቃት ሄደች። በእኛ ዘንድ ልጅ ለመንገድ ሲነሣ አባት ሁለት እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፤ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ "አሚን" ይላል። እኔ ያን ጠዋት "ሲሚንቶ የሚቦካ አለብኝ" ብዬ ወጣሁ። የሚቦካ ሲሚንቶ አልነበረም። ዋሽቼ ካወቅሁ ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም አላህ ይማረኝ።

ማንቶቫ ደርሳ መጀመሪያ በቪዲዮ የደወለች ዕለት ሚስቴ ፋጤ እልል አለች። ስልኩን ተቀብዬ አየሁ። ሰዓዳ ራሷን አልሸፈነችም። ፀጉሯንም እስከ ጆሮዋ ድረስ ተቆርጣዋለች። እየሳቀች "አባዬ!" አለች።

"ይኼን ፊት አላውቀውም" አልኩ። "ስልኩን አዙሪው። ባይሆን ከተማውን አሳዪኝ።"

ሳቋ ቆመ። "እሺ አባዬ" አለችና አዞረችው። አንድ ረጅም ግንብ፣ ከግንቡ ላይ ደግሞ ትልቅ ሰዓት አየሁ። ቅስቱ ጥሩ ነበር።

እኔም እልኸኛ ነኝና ፊቴን ነፈግኋት። የእኔንም ስልክ በጎረቤት አስዞሬ ወደ ግቢዬ ካብ አቀናሁት። ካቡን ሳታውቁት አትለፉ፤ ርዝመቱ አርባ እርምጃ ነው፤ ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፣ ድንጋይ ብቻ በድንጋይ ላይ፤ በመካከሉ ምላጭ አያሾልክም። ኔትወርክ የሚገኘውም እሱ ላይ ሲቀመጡ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት፣ ልጄ የዕረፍት ሰዓቷ ሲሆን ትደውላለች። እሷ የእኔን ካብ ታያለች፣ እኔ የማንቶቫን ግንብ አያለሁ። አባትና ልጅ ካብ ለካብ ተያየን ማለት ይኼ ነው።

አሁን፣ ሰው በቁጣ የተናገረውን በማግሥቱ መመለስ ይችላል። አባት ግን አይችልም። ቢያንስ እኔ አልችልም መስሎኝ ነበር። "ፊትሽን አሳዪኝ" ለማለት ስንት ሐሙስ አፌን ከፍቼ፣ "ያ ዓምድ ከምን ድንጋይ ነው?" ብዬ ዘጋሁት። የፋጤ ተራ ሲደርስ ስልኩን ይዛ ጓዳ ትገባለች። ከልጇ ጋር ፊት ለፊት ሲሳሳቁ እሰማለሁ። እኔ በር ላይ ቆሜ እስላለሁ።

"ከስታለች?" እላታለሁ ስትወጣ።

"ሰዓት ያለበትን ግንብ ጠይቀው" ትለኛለች።

እንዲህ ሆኖ ነው ማንቶቫን የጎበኘሁት። ጎረቤቴ አያሌውም አብሮኝ ነበር። አያሌው ከሐይቃችን ዓሣ እያጠመደ የሚኖር፣ በየዓመቱ ግሸን የሚሳለም፣ ምላሱ ከመረቡ የሰፋ ሰው ነው። ሐሙስ ሐሙስ መረቡን ትቶ ካቡ ላይ ከጎኔ ይቀመጣል።

"ከተማዋን በሦስት ወገን ሐይቅ ከቧታል" አለች ሰዓዳ አንድ ቀን፣ ስልኩን ከድልድይ ላይ እያዞረች። "ላይኛው፣ መካከለኛው፣ ታችኛው ይባላሉ። ወንዝ ገድበው በእጃቸው የሠሯቸው ናቸው።"

"ሐይቅ በእጅ ይሠራል እንዴ?" አለ አያሌው። "እኛ አንዱን እግዜር ሰጥቶን አመስግነን ተቀመጥን፤ እነሱ ሦስት ሠሩ! ስግብግብነት አይደለም? ዓሣውስ እንዴት ነው?"

"ዓሣ አለው ጋሽ አያሌው። እዚህ ግን ዱባ ነው የሚወዱት። ዱባ በሊጥ ጠቅልለው ቀቅለው ይበላሉ፤ ይጣፍጣል።"

"በሦስት ሐይቅ መካከል ቁጭ ብለው ዱባ!" አያሌው ያን ሳምንት ሙሉ ሲያዝን ከረመ።

ሌላ ሐሙስ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ፣ ከመሬቱ ሥር የክርስቶስ ደም አለ እንደሚሉ ነገረችን። አያሌው ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ። "እነሱ ደሙን፣ እኛ ግሸን ላይ መስቀሉን። እንግዲያ ዘመዳሞች ነን" አለ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን ጎረቤቴ ቆሞ እኔ አልቀመጥም፤ ተነሣሁ። መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ሁለት ሽማግሌዎች ለስልክ ሲነሡ አየ። ከዚያ ወዲህ በሐይቅ ከተማ ስሜ "ማንቶቫ" ሆነ። "ማንቶቫ፣ ያን በረንዳ መቼ ትጨርስልኛለህ?" ይሉኛል።

የሚያሳፍረኝንም ልናገር። አንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ አንዲት ክፍል አለች፤ ጣራዋ መሐሉ ላይ ክብ ቀዳዳ አለው፣ በቀዳዳው ሰማይ ይታያል፣ ሴቶችና ሕፃናትም ከላይ ሆነው እየሳቁ ወደ ታች ያያሉ። "ጣራው ተቀዷል! የሰው ቤት ሳይጠግኑ ነው እንዴ የሚያስጎበኙት?" ብዬ ጮህኩ። ለካ ሥዕል ነው። አምስት መቶ ዓመት ያህል እንደዚያ እየሳቁ ኖረዋል፤ ያን ቀን በእኔ ሳቁ።

ይባስ ብሎ ወደ ሌላ ቤት ወሰደችኝ። ከመግባቷ ግድግዳው መናድ ጀመረ! ዓምዱ ለሁለት ተሰብሯል፣ ቋጥኙ ይወርዳል፣ ግዙፍ ሰዎች ከፍርስራሹ ሥር ተቀብረው ዓይናቸው ፈጧል። ሠላሳ ዓመት ድንጋይ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የሚወድቅ ነገር ሳይ አውቃለሁ። ከካቡ ላይ ዘልዬ ወርጄ "ውጪ! ሊናድ ነው! ውጪ ልጄ!" አልኩ፤ ስልኩን እንደ ልጅ ክንድ ጎተትኩት። እሱም ሥዕል ኖሯል። አያሌው ሆዱን ይዞ መሬት ተቀመጠ።

ሰዓዳም ሳቀች። ሳቋን ሰማሁ፤ የምትስቅበትን ፊት ግን አላየሁም። ስልኩ ውስጥ ያየሁት በፍርስራሽ የተቀበረ ግዙፍ ሰው ነበር። ያ ሰውዬ ምን እንደሚሰማው አወቅሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። ቃሌን ሳላጥፍ ልጄን የማይበት ዘዴ። የሚያንጸባርቅ ነገር መፈለግ ጀመርኩ። "የሱቆቹን መስታወት አሳዪኝ፤ የበሩን ማዕዘን ልየው" እላለሁ። መስታወቱ ውስጥ አንዲት ቀጭን ጥላ ትታያለች፤ ፊቷ ላይ ስልክ አለ። "ሐይቁ ዳር ውረጂ፤ የድንጋዩን ግድብ ልየው። ጎንበስ በይ። ትንሽ ጎንበስ" እላለሁ። ፊቷ ውሃው ላይ ሊመጣ ሲል ዳክዬ አልፎ ይበትነዋል።

"ሰውዬ፣ ዓሣ ልታጠምድ ነው ልጅቷን ውሃ ውስጥ የምትከታት?" ይላል አያሌው።

ያ በሽታ ዓለምን በቤት የዘጋ ጊዜ ብዙ ሳምንት ከመስኮት ባዶ መንገድ ብቻ አሳየችኝ። አንድ ጊዜ አሳላት። "ደህና ነሽ ወይ?" ማለት ሲገባኝ "የመንገዱ ድንጋይ በደንብ ተነጥፏል" አልኩ። ያቺን ንግግር ዛሬም ሳስባት ጆሮዬ ይግላል።

በመጨረሻ ሰዓዳ ጣራው ስለሚስቅበት ቤተ መንግሥት ስታወራ፣ ከክፍሎቹ አንዱ ግድግዳው መስታወት ብቻ የሆነ አዳራሽ ነው አለች። በአራት ወገን መስታወት! ዳክዬ የለ! "እሱን አሳዪኝ" አልኩ፣ ድምፄን እንደ ምንም አርግቼ። "ኢንሻአላህ ለሚመጣው ሐሙስ" አለች። ያን ሳምንት ፂሜን ተስተካከልኩ፤ እሷ እንደማታየኝ እያወቅሁ።

ሐሙስ አልመጣም። ጦርነቱ መጣ። ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ከተማው ግማሹ ወደ ደሴ፣ ግማሹ ወደ ገጠር ሄደ። እኛ ቀረን፤ ጎረቤታችን እማማ ሐዋ መራመድ አይችሉም፤ እሳቸውን ጥሎ መሄድ አልሆነልንም። አያሌውም "ሐይቁን ማን ይጠብቀዋል?" ብሎ ቀረ።

ስልክ ያለው ሰው ይጠየቃል ሲባል የኔን በላስቲክ ጠቀለልኩና ካቡ ውስጥ ደበቅሁት፤ ከበሩ ሰባተኛው፣ ከታች ሦስተኛው ረድፍ፣ ከድንጋዩ ጀርባ። ለፋጤም አሳየኋት። በሦስተኛው ቀን አንድ ጠመንጃ የያዘ ወጣት ግቢያችን ገባ።

"ስልክ አለህ?"

እኔ ደግሞ ልጄን "ከመዋሸት መሞት" እያልኩ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። "አለኝ" አልኩ። "ካቡ ውስጥ ነው። የትኛው ድንጋይ ሥር እንደሆነ ግን አልነግርህም።"

ፋጤ የያዘችውን ቅል ጣለች። ወጣቱ ካቡን ከዳር እስከ ዳር አየው። እኔንም አየኝ። ደክሞት ነበር፤ የእኔ ሰዓዳ እኩያ ቢሆን ነው። "አባት፣ ውሃ ካለ ስጡኝ" አለ። ጠጥቶ ሄደ። ፋጤ ያን ቀን ሙሉ አላናገረችኝም።

ከዚያ ከቤት አለመውጣት ሆነ። አያሌው፣ እማማ ሐዋና እኛ አንድ ክፍል ውስጥ ቀን ከቀን እንቀመጣለን። ከሩቅ ድብልቅልቅ ሲል እማማ ሐዋ "ያ ረቢ" ይላሉ። አንድ ቀን አያሌው "እስኪ ማንቶቫ ውሰደን" አለኝ። ከሰል አንሥቼ ወለሉ ላይ ከተማዋን ሣልኳት። ሦስቱን ሐይቆች፣ ድልድዩን፣ ሰዓት ያለበትን ግንብ፣ በደረጃ ወደ ታች የሚገባበትን ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ ጣራው የሚስቅበትን ክፍል። የግድግዳውን ውፍረት ሳይቀር ነገርኳቸው። አንድ ሰዓት ያህል ማንም የውጪውን አልሰማም።

ስጨርስ እማማ ሐዋ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ አደረጉ። "ልጅቷስ የታለች?" አሉ።

"እ?"

"ሰዓዳ። ይኼን ሁሉ ቤት ሣልክ። እሷ የት ነው የምታድረው? በየትኛው በኩል ነው የምትተኛው?"

የመቶ ግንብ ልክ አውቃለሁ። ልጄ የምትተኛበትን ክፍል ግን አልጠየቅኋትም። በየትኛው መስኮት ጎሕ እንደሚገባላት፣ አሮጊቷ ደግ ትሁን ክፉ፣ ማታ ምን እንደምትበላ፣ አንድም አላውቅም። ከሰሉን ሐይቁ ዳር አስጠጋሁ፤ ወደ ድልድዩ ወሰድኩት፤ የማኖርበት አጣሁ። ፋጤ ታውቅ ነበር፤ ግን አልነገረችኝም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሳምንታት አልፈው ጦርነቱ ከእኛ ራቀ። ከዚያም ብዙ ቆይቶ አንድ ጠዋት ኔትወርክ ተመለሰ። የከተማው ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሰው በየደጁ "አለሁ! አለን! አለን!" ይላል። ፋጤ ማለዳ ወፍጮ ቤት ወጥታ ነበር። እኔ ወደ ካቤ ሮጥኩ። ከበሩ ሰባተኛው፣ ከታች ሦስተኛው ረድፍ። ድንጋዩን ሳብኩት።

ባዶ።

ቆጠራ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ስምንተኛውን ሳብኩ። ስድስተኛውን። "ምናልባት ከላይ ነው የቆጠርኩት" አልኩ። ሌባ ወስዶት ይሆናል የሚል ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር፤ ግን ድንጋዩ ልክ እኔ እንዳስቀመጥኩት ነበር የተገጠመው፤ እንዲህ ድንጋይ የሚገጥም ሌባ ወሎ ውስጥ የለም። ቢኖር ኖሮ ሥራ እሰጠው ነበር። አንዱ ድንጋይ ሌላውን ይዞ መጣ። አያሌው ጆሮው ላይ ስልክ ለጥፎ ከእኅቱ ጋር እያወራ መጣና ስልኩን ዘጋው።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ሰዓዳ እየደወለች ነው" አልኩ፤ ድንጋይ እየወረወርኩ። "አሁን፣ በዚህች ደቂቃ እየደወለች ነው። እኔ ሞቼ እንደሆነ አታውቅም።"

"በእኔ ስልክ ደውልላታ!"

"ቁጥሯ ያለው እዚያው ስልክ ውስጥ ነው!"

አያሌው ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ተወው። እጀታውን ሰበሰበና ከሌላው ጫፍ ጀመረ። ጎረቤት ተሰበሰበ። "ማንቶቫ አበደ" አለ አንዱ። "ጦርነቱ ያልነካውን ካብ በገዛ እጁ!" አለ ሌላው። ግማሾቹ እየሳቁ ድንጋይ ያቀብሉ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። በሁለት በጋ የሠራሁትን ካብ በግማሽ ቀን መሬት አስተኛሁት፤ አርባውንም እርምጃ። ስልክ የለም። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩና በልጅነቴ ከድልድይ ሥር ተጋድሜ ድንጋይ ካየሁበት ጊዜ ጀምሮ ያልሠራሁትን ሠራሁ። በሰው ፊት አለቀስኩ።

ፋጤ ዱቄቷን ተሸክማ በሩ የነበረበት ቦታ ቆመች።

"ግቢዬ የታለ?" አለች። ከዚያ ገባት። ዱቄቱን ሳታወርድ ጎታው ወዳለበት ገባች፤ እጇን እስከ ብብቷ ከሽምብራው ውስጥ ከተተችና ስልኩን ይዛ ወጣች።

"አንቺ ነሽ ያወጣሽው?"

"ያ ወጣት የሄደ ቀን። ሁለተኛ መጥቶ 'የትኛው ድንጋይ?' ቢልህ አንተ ትነግረው ነበር። አንተን አላውቅህም?"

እነግረው ነበር። "ድንጋዩንስ እንደዚያ አድርጎ ማን ገጠመው?"

"ሠላሳ ዓመት አጠገብህ ቆሜ ድንጋይ ሳቀብል ዓይኔን ጨፍኜ ነው?" አለች።

መብራት አልመጣም ነበርና ጄኔሬተር ካለበት ሱቅ አስሞልተን ተመለስን። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ፍርስራሹ ላይ ተቀመጥን፤ እማማ ሐዋንም በወንበር አምጥተን። እንደከፈትነው ጠራ።

ስልኩ ውስጥ የተነጠፈ ድንጋይና የሁለት ጫማ ጫፍ ታየ። እንደ ልማዷ አዙራዋለች። የምሰማው ትንፋሿን ነው።

"አባዬ? አባዬ ነህ? በሕይወት አላችሁ? እማዬስ?"

"ሁላችንም አለን፤ አልሐምዱሊላህ።"

አለቀሰች፤ ጫማዎቹ ተንቀጠቀጡ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ ማውራት ጀመረች። "ከሰዓቱ ግንብ ሥር ነኝ፤ አሮጊቷን ፀሐይ ላሞቃት ይዣት ወጥቼ። የመስታወቱን አዳራሽ ቃል ገብቼልህ ነበር፤ ቅርብ ነው፤ ቆይ፣ አሁኑኑ ወስጄ..."

"መስታወቱን ተዪው" አልኩ። "አዙሪው።"

"ወዴት አባዬ?"

"ወደ ራስሽ።"

"ራሴን አልሸፈንኩም። አንድ ጊዜ ቆይ፣ ሻሽ..."

"ሰዓዳ፣ ካብ አፍርሼ ነው የመጣሁት። አታስጠብቂኝ።"

አዞረችው። ከስታለች። ፀጉሯ ትከሻዋ ደርሷል። በሁለት ቅንድቦቿ መካከል አንዲት መስመር ወጥታለች፤ ያቺን መስመር አውቃታለሁ፤ የእኔ ናት። "ይኼን ፊት አላውቀውም" ያልኩት ሰው፣ ከአንድ ሺህ ፊት መካከል በጨለማ ዳብሼ የማገኘው ፊት ነበር።

"አባዬ፣ አንተ ግን አትታየኝም" አለች። "የማየው ድንጋይ ነው። ካቡ ምን ሆነ? ጦርነቱ ነው ያፈረሰው?"

"አይደለም" አልኩ። "እኔ ነኝ።"

አያሌው ስልኩን ከእጄ ወስዶ አዞረና ፊቴ ላይ ያዘው። "ሸብተሃል" አለች፤ እየሳቀችም እያለቀሰችም። እጄ ባዶ ሆነ። ባዶ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር፤ ሁለቱም ተዘረጉ። በሄደችበት ጠዋት የነፈግኋትን ዱዓ ሁሉ፣ ከነወለዱ፣ አደረግሁላት። ፋጤ "አሚን" አለች፤ እማማ ሐዋ "አሚን" አሉ፤ አያሌው "አሜን" አለ፤ ከሰዓቱ ግንብ ሥርም አንድ የደከመ የአሮጊት ድምፅ፣ አንዲት ቃል ሳይገባው፣ "አሜን" አለ።

"የት ነው የምታድሪው?" አሉ እማማ ሐዋ ከወንበራቸው፤ የእኔን ጥያቄ ቀሙኝ።

"ከአሮጊቷ ክፍል ቀጥሎ ነው እማማ። መስኮቴ ሐይቁን ያያል።"

ካቡን መልሼ ሠርቻለሁ፤ ከበፊቱ በሁለት ረድፍ ዝቅ አድርጌ። ስቀመጥበት እግሬ መሬት ይነካል። የመስታወቱን አዳራሽ እስከ ዛሬ አላየሁትም፤ ያምራል ይላሉ።

እንግዲህ ማንቶቫ የምትሄዱ፣ በድልድዩ ግቡ። ሐይቆቹን እዩ፤ ዱባውን ቅመሱ፤ የሚናደውን ክፍል ስትገቡ አትሩጡ፣ ሥዕል ነው። ሐሙስ ከሰዓት ከሰዓቱ ግንብ ሥር አንዲት ልጅ ስልኳን ወደ ራሷ አዙራ ስትስቅ ካያችሁ ግን፣ በፊቷ አትለፉ፤ አትጋርዱት። አባቷ ከተማ እየጎበኘ ነው።